የአረፋ ምስክር

ከጣና ላይ ጭጋግ ገና ሳይገፈፍ፣
ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ እጄም ገና እንቅልፍ፣
የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ፈታሁ፤
አረንጓዴ ውሃ ጠብቄ
ቡናማ ጭቃ አየሁ።

ጣቴን ነከርኩበት፤ ይዝለገለጋል፣
እንደ ተልባ ውሃ ከጥፍሬ ይሳባል፣
ብርሃን ሲነካው ቀስተ ደመና ያወጣል።

ሠላሳ አራት ዓመት ናፍጣ የጠጣ፣
ዓሣና ሲሚንቶ፣ ሙሽራና ሬሳ ጭኖ የመጣ፣
የአባቴ ላንድክሩዘር አፉን ከፍቶ ዝም አለ።
እኔ ግን ዝም አላልኩም፤
ምላሴ ላይ ስም ነበር፣ ተዘጋጅቶ ያለ፦
ባንታየሁ።

ረዳቴ ነው። ልጅ ነው። ማክሰኞ ዕለት ማታ
«ውሃ ጨምር» ብዬው ነበር፣ ጨለማው ሲበረታ፤
ዘይቱም በቢጫ ጀሪካን፣ ውሃውም በቢጫ፤
ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ፣ ከዚህስ ወዲያ ምን ምርጫ?
«እኔ ዘይት አልጨመርኩም» አለኝ፣ አንዴ ብቻ።
አልማለም። አላለቀሰም።
ሒሳቡን ቆጠርኩለት፤ እሱ መልሶ አልቆጠረም።
የእጅ ጨርቁን አጥፎ፣ አጥፎ፣ ወንበሩ ላይ አኖረ፤
በእግሩ ወደ አባይ ማዶ ተሻገረ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሞተሩን ሳይነካ፣
መፋቂያውን ከጥርሱ ሳያወጣ፣ በዓይኑ ብቻ ለካ፤
«ቴስታታው ተሰንጥቋል። ስልሳ ሺህ ይዘህ ና።»
ስልሳ ሺህ ብር ቢኖረኝ
ምን አሮጌ ያስነዳኛል? ብዬው ወጣሁ በትሕትና።

ጋሽ አስማረ ግን፣ ሽንብጥ፣ ከሾላው ሥር ያለው፣
ጆሮውን ሞተር የበላው፣
በመዳፉ ነው የሚሰማው።

«ጭሱ ነጭ ነው?»
«አይ። ያው የድሮው ጥቁር።»
የዘይት መለኪያውን መዘዘ፤ በፀሐይ ሲመረመር
ወተት አይታይበትም፤ ጥቁር ዘይት ነው፣ ውሃ ያልነካው።
«አስነሳ» አለኝ።
የላይኛውን ቱቦ እንደ ጥጃ አንገት ጨብጦ ጠበቀው፤
አልጠነከረም። ከራዲያተሩም አፍ አረፋ አልወጣም።
«ቴስታታ አይደለም» አለ። «ቢሆን ጭሱ ውሃው ውስጥ ገብቶ
እንደ ድፍድፍ ይፈላ ነበር እንጂ እንዲህ ዝም አይልም።
ሰማህ? ውሃው አይደለም ወደ ዘይት የሄደ፤
ዘይቱ ነው አጥሩን የናደ።
ሞተር ሲነሳ ዘይት ይበረታል፤
የበረታ ደግሞ ድንበር ይገፋል።»

ከሞተሩ ጎን ፈቶ አንድ ዕቃ አወጣ፣
የዘይት ማቀዝቀዣ፤ ዘይቱ በዚህ፣ ውሃው በዚያ ሲመጣ፣
ሳይተያዩ ጀርባ ለጀርባ የሚያልፉበት፣
በስስ ቆርቆሮ ተከልለው የኖሩበት
ባለ ሁለት ክፍል ቤት።

በአሮጌ ድስት፣ በናፍጣ አጠበው፣ ጠብታ ሳያፈስ፤
«ጣና የእምቦጩ ይበቃዋል» አለኝ፣ እጁን ሲያብስ።
አንዱን አፍ በከላማዳሪያ ቁራጭ ቋጠረ፣
በሌላው ላይ የብስክሌቱን መንፊያ አሰረ።

ከዳሩ ወረድን።
እንደሚጠመቅ ሕፃን ዕቃውን ከሐይቁ አጠለቀ፤
እኔ እነፋለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል፣ ትንፋሼ አለቀ።
ምንም።
አንድ ታንኳ ቀዛፊ ቆሞ አየንና አለፈ፤
ከደንገሉ አጠገብ ሻላ ክንፉን አራገፈ።
እንደገና ነፋሁ።
ከዚያ አንዲት አረፋ፣
የጤፍ ፍሬ የምታክል፣ ከብረቱ ጥግ ተላቃ
ወጣች። ፈነዳች። ሌላዋ ተከተለች፣ ከተደበቀችበት ነቅታ።
ጋሽ አስማረ ሳቀ፤ እሱ ስንጥቁን ነው ያየው።
እኔ ያየሁት ማክሰኞ ማታን ነው፦
ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ቃል፣
ጨርቅ የሚያጥፍ ልጅ።

መኪናው ተፈትቶ ቀረ። የጋሽ አስማረን ብስክሌት ወሰድኩ፣
የዓባይን ድልድይ አለፍኩ፤
መንገድ ላይ ንግግር ሠራሁ፣ አፈረስኩ፣
«ዘይቱ ነው...» ብዬ ጀመርኩ፣ «እኔ ነኝ...» ብዬ ጨረስኩ።
ከደጁ ቆሞ አገኘሁት። ስሙን ብቻ ልጠራ አስቤ፣
መሃሉ ላይ ተሰበረ፤ አንደበቴም አልመጣ እንደ ልቤ፦
«ባንት...
አየሁ።»

እሱ ፊቴን አላየም። ያየው የጥፍሬን ዘይት ነው።
እጄን ይዞ አገላበጠው፤
«በየት በኩል ነው» አለ፣ «የሚያፈሰው?»